የተቆለፈበት ድምፅ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ወይ ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ ወይ መሐሉ ይጨማደዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ልብሱ ከገመድ ላይ ሲወርድ፣ አያትና የልጅ ልጅ ሳሎኑ መሐል ፊት ለፊት ይቆማሉ። ጫፍ ጫፉን ይዘው ሳብ፣ ረገብ፣ ገጠም ያደርጉታል። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሚጣ ይላታል። እናቷ ካረፈች ጀምሮ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው።

ያን ዕለት ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ሚጣ እጇን አልለቀቀችም። ጨርቁን እንደያዘች ቀና ብላ፣

«አያቴ፣ የእማዬ ድምፅ ቀጭን ነበር ወፍራም?» አለች።

«ቀጭን አይባልም» አለች አያት። «ወፍራምም አይደለም። እንዲሁ… ደስ የሚል ነበር።»

«ደስ የሚል እኮ መልስ አይደለም። ኬክም ደስ ይላል።»

«አይ አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ!»

ሚጣ ግን እየቀለደች አልነበረም። «እኔ ረሳሁት» አለች ቀስ ብላ። «ድሮ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር። አሁን ስጨፍን የሚመጣው የመምህሬ ድምፅ ነው።»

አያት አንሶላውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሰው የሞተበትን ሐዘን ይለምደዋል ይባላል። ልጅ እናቷን እየረሳች እንደሆነ በገዛ አንደበቷ ስትናገር መስማት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚለምድ አንጀት ገና አልተፈጠረም።

የሚጣ እናት የሕፃናት መምህር ነበረች። ሕመሙ ጠንቶ ከአልጋ መነሳት ሲያቅታት፣ ስልክ ትራሷ ላይ እያስደገፈች ለልጇ ተረት ትቀዳ ነበር። ከመጽሐፍ እያነበበች አይደለም፤ ከራሷ እየፈጠረች ነው። ድመት፣ ጉንዳን፣ የማያርፍ ንፋስ፣ ጫማው የጠበበው ዝሆን፤ ክፍል ውስጥ ልጆችን እንደምታስቅበት ሁሉ ድምፅዋን እየለዋወጠች። «ሚጣዬ ሲያድግ ልቧ፣ በየማታው አንዳንድ ትስማ» ብላ ነበር። ልብ በሉ፤ ትስማ ነው ያለችው። አስቀምጡላት አላለችም።

ካረፈች በኋላ ታናሽ ወንድሟ ተረቶቹን ከስልኩ ወደ ቤቱ ላፕቶፕ አውጥቶ፣ መጠባበቂያ ይሁን ብሎ ከገዛው መዳፍ የምታክል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጣቸው። ይህ መልካም ሥራ ነበር። ቀጥሎ የሠራው ግን መልካም አልነበረም። ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ለሰው ሰጠው። ላፕቶፑም ቦታ ሲሞላበት ከእሱ ላይ የነበረውንም ደመሰሰ። «ዲስኩ ላይ አለ እኮ!» እያለ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። መጠባበቂያ ማለት ሁለተኛ ማለት ነው። ዋናውን አጥፍቶ በቀረው መተማመን፣ የመኪናውን ጎማ ጥሎ ስኮርታውን ከገጠመ በኋላ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ ስኮርታ አለኝ» እያሉ መንገድ እንደ መውጣት ነው።

የአያት ጥፋት ደግሞ ከፍቅር የመጣ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥፋት ደግሞ ለመታረም ያስቸግራል። እሷ ያደገችው በካሴት ዘመን ነው። ካሴት ሲደጋገም ክሩ ይላላል፣ ዘፋኙም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሆናል። ዲስኩም እንደዚያው ይመስላት ነበር፤ በተሰማ ቁጥር ከልጇ ድምፅ ትንሽ ትንሽ የሚቀነስ። ስለዚህ በጥጥ ጠቅልላ፣ በከረሜላ ጣሳ ከታ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ቁልፉ ከአንገቷ አይወርድም። የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ ልጇ ባረፈችበት ዕለት ነው። ያን ዕለትም አንድ ተረት ብቻ ይሰማና፣ መብራቱ ገና ብልጭ ድርግም እያለ አያት ገመዱን ትመዘዋለች። «በቃ፣ በቃ፣ አትድከምብኝ» እያለች።

የሚጣ አባት ሁለት ጊዜ ኮፒ ለምኗት ነበር። እሱ ሚስቱ ካረፈች በኋላ ሌላ ትዳር ይዞ ከከተማው ወዲያኛው ዳር ነው የሚኖረው። እሁድ እሁድ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ከበር አያልፍም። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቃት አያት በሩን በእጇ እንደያዘች፣ «የልጄ ድምፅ በሌላ ሴት ቤት አይንጫጫም» አለችው። እሱም «እሺ እማማ» ብሎ ሄደ። ዳግመኛ አልጠየቀም።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ፣ አንሶላው ሳይታጠፍ ቀረና፣ አያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጓን አፈረሰች።

«ነይ» አለቻት ሚጣን። «ዛሬ ዓመቷ አይደለም፤ ቢሆንም እንስማት።»

ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። መብራቱ በራ። ሁለቱም ተጠጋግተው ስክሪኑን ጠበቁ፤ ምንም አልመጣም። ነቅለው ደግመው ሰኩት። መብራት አለ፣ ሌላ ግን የለም። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰኩት ከውስጡ ድምፅ ወጣ፤ የናፈቁት ድምፅ ግን አልነበረም። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

«ሰዓት ዋጠ እንዴ?» አለች ሚጣ።

አያት አልሳቀችም። ወዲያው ለወንድ ልጇ ደወለች።

እሱን ሰዉ ሁሉ ፈጣኑ ይለዋል። ሲበላም ሲራመድም ሲፈርድም ስለሚቸኩል ነው፤ በሠርጉ ቀን እንኳ በሙሽራዋ ቦታ ላይ ፈርሞ ወረቀቱ ሌላ ተሠርቷል። ገና ከመግባቱ፣

«የታለ በሽተኛው?» አለና ዲስኩን አንስቶ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ይነቃ ብዬ ነዋ። አባባ ቴሌቪዥናችንን በጥፊ አልነበር የሚያስተካክለው?»

«አባትህ ቴሌቪዥኑን ገደለው እንጂ መቼ አስተካከለው!»

ፈጣኑ እየሳቀ በሌላኛው ማስገቢያ ሰካው። ጠቅ ጠቁ ቀጠለ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«አየሽ! ተነሳ!» አለ። «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል ይላል። እሺ ልበለው።»

«ፎርማት ምንድነው?» አለች ሚጣ።

«ማፅዳት በይው። ቤት እንደ መጥረግ።»

«ምኑን ነው የሚጠርገው?»

የፈጣኑ ጣት አየር ላይ ቀረ። «እ… ውስጡ ያለውን።»

አያት እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። «አንሳ! እጅህን አንሳ አልኩህ!»

«እማ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እኮ ነው የጠየቀው!»

«ኮምፒውተሩ ልጅ ሞቶበታል እንዴ?»

ዲስኩ ብቻ ጠቅ ይላል። ፈጣኑ ነቀለው፤ ግን አፉ ደግሞ አላረፈም።

«እሺ ፍሪጅ ውስጥ እናሳድረው። አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ እንደዚያ አድርጎ ነው አሉ…»

«እህትህን ሥጋ አደረግካት?»

«እማ ደግሞ!»

«ስልኩስ? በስልኩ አልነበር የቀዳችው?»

«ስልኩን ለሰው ሰጥተነዋል። ውስጡን አጥፍቼ ነው የሰጠሁት።»

«ላፕቶፑስ?»

ፈጣኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ቦታ ሞልቶብኝ… ዲስኩ ላይ አለ ብዬ…»

ሚጣ አንዴ አያቷን፣ አንዴ አጎቷን አየች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ሄዳ በሩን ገርበብ አደረገችው። አላለቀሰችም። ይኸው ነው አያትን ይበልጥ ያስፈራት።

ሰኞ ዲስኩን ይዘው ወደ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄዱ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ላፕቶፖች ተደርድረዋል፣ የብየዳ ሽታ አለ። ባለሙያዋ ፀጉሯን በቁራጭ ገመድ ያሰረች ወጣት ነበረች። ዲስኩን ተቀብላ አልሰካችውም። መጀመሪያ ጠየቀች።

«ወድቆ ያውቃል?»

«እኔ ዘንድ ይወድቃል ልጄ? በጥጥ ነው ያኖርኩት።»

«ይጮኻል?»

«ጠቅ ጠቅ ይላል።»

«እንዲህ ከሆነ አልሰካውም» አለች ባለሙያዋ። «ዝም ብሎ አልታይ ብሎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ገመዱን እቀይርልዎት ነበር፤ ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ገመዳቸው ነው የሚታመመው። ወይ ብዙ ገመድ በሚሰካበት ማከፋፈያ ሰክተውት ኃይል ያንሰዋል፤ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሆን ይነሳል። የሚጮኽ ዲስክ ግን ሌላ ነው። በተሰካ ቁጥር ራሱን ይፍቃል። አይሰካም፣ አይመታም፣ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም።»

ፈጣኑ ጣራውን ማየት ጀመረ።

«ፎርማት ይደረግ ብሎ ጠይቆ ነበር?»

«ጠይቆ ነበር» አለ ፈጣኑ ዓይኑን ከጣራው ሳያወርድ። «እናቴ ከለከለችኝ።»

«እግዜር ይስጥዎት እናቴ። ስትነቅሉትስ፣ ከኮምፒውተሩ አስወጥታችሁ፣ መብራቱ እስኪያርፍ ጠብቃችሁ ነው?»

አያት የሻሿን ጫፍ አስተካከለች። «እኔ ነኝ የምመዘው። እንዳይደክም ብዬ ቶሎ ነው የምመዘው።»

ባለሙያዋ አልገሠጸቻትም። በሌላ በኩል ከፍታ ያስቀመጠችውን አሮጌ ዲስክ አሳየቻት፤ የሚያብረቀርቅ ክብ ሳህን፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቀጭን ክንድ። «ይኼ ክንድ ነው የሚያነበው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሥራ ላይ ነው። ያኔ ሲመዘዝ፣ በጨለማ ቤት ውስጥ እየሮጠ ያለ ሰው ማለት ነው፤ የሆነ ነገር ላይ ይጋጫል። አንድ ቀን ይተርፋል፣ ሌላ ቀን ይተርፋል…»

«እኔ እኮ እንዳያልቅ ብዬ ነው» አለች አያት። «እንደ ካሴት መስሎኝ።»

«በመስማት አያልቅም እናቴ። ተዘግቶ ሲቆይ ነው የሚያሳዝነው፤ መታመሙን የሚነግርዎት በሚፈልጉት ቀን ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ አለ?»

«የለም።»

«ቤተሰብ ጋ? ጠይቆ የወሰደ ሰው?»

አያት አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች። «የጠየቀ ነበር» አለች። «የወሰደ የለም።»

ባለሙያዋ ቃል አልገባችም። ዲስክ ከፍተው ለሚያወጡ፣ የተሻለ መሣሪያ ላላቸው ሰዎች እልከዋለሁ፣ የሚወጣው ይወጣል፣ ስትጠሩ ትመጣላችሁ አለች።

መጠበቅ ተጀመረ። አያት ሥራ ስትሠራ ውላ አረፍ ስትል የልጇን ድምፅ በጆሮዋ ልትጠራው ትሞክራለች። የሳቋ ቅርጽ ይመጣላታል፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል የምታደርገው፣ ዓይኗ እንባ የሚያቀርረው። ድምፁ ግን አይመጣም። ልጇ «እማ» የምትላት አንድ አጠራር ነበራት፤ መጨረሻው ላይ ሳብ የምታደርገው። አያት ሰሃን እያጠበች ራሷ ሞከረችው፤ «እማ…» አለች። የወጣው የአሮጊት ድምፅ ነው። ውኃውን ዘጋችና ቆመች። ለካ እሷም ረስታ ኖሯል። ለካ ጠብቄያታለሁ ስትል የጠበቀችው ጣሳውን ነው።

ሚጣ በበኩሏ ምንም አትጠይቅም። ስልክ ሲጮኽ ብቻ የምታደርገውን ትታ ቀና ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተጠሩ። ባለሙያዋ አዲስ ዲስክና አንዲት ፍላሽ ይዛ ጠበቀቻቸው። «ሦስት ተረት ሙሉ ወጥቷል። አንዱ ከመሐል ተቆርጧል።»

«የቀሩትስ?» አለች አያት፣ ገና ያልገቡ እንግዶች ያሉ ይመስል ወደ ኋላዋ እያየች።

ባለሙያዋ ራሷን ነቀነቀች። ሳህኑ የተፋቀበት ቦታ ላይ የነበሩት አልተገኙም። ጉንዳኗም፣ ጫማው የጠበበው ዝሆንም፣ ከደርዘን የሚበልጡት ሁሉ።

ቤት ገብተው ሚጣን መሐል አድርገው ተቀመጡ። ፈጣኑ ከፈተው። መጀመሪያ የትራስ ኮሽታ ተሰማ፤ ቀጥሎ፣ «ሚጣዬ፣ ነቅተሻል?» የሚል ድምፅ።

ሚጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ «እኔን ትመስላለች» አለች። «አያቴ፣ ድምፅዋ እኔን ይመስላል።»

እውነት ነበር። ድምፁ እዚሁ ቤት ውስጥ ሲሮጥ ከርሟል።

ሦስቱን ተረቶች ሰምተው አራተኛው ላይ ደረሱ። ጥላዋ የጠፋባት ድመት ነች። በቀትር ፀሐይ አደባባይ ላይ ቆማ ዞር ብትል ጥላዋ የለም። ውሻውን ጠየቀች፣ አላየሁም አላት። በሩን ጠየቀች፣ በእኔ አላለፈም አላት። ጉድጓዱ ዘንድ ሄዳ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ «ጥላዬን አይተሃል ወይ?» ስትለው ጉድጓዱ ጉሮሮውን ጠረገና…

ጸጥ።

«ከዚያስ?» አለች ሚጣ።

«ከዚያ ጥላዋን አገኘቻት፣ አለቀ» አለ ፈጣኑ።

«ውሸትህን ነው! እማዬ እንደዚህ አትጨርስም!»

አያት መጨረሻውን አታውቀውም። በዓመት አንድ ተረት እየለካች ያሰማች ሰው ወደዚህኛው ገና አልደረሰችም ነበር። ግን አንድ ነገር ታውቃለች። በእነዚያ የሕመም ሳምንታት ልጇ እጇ ሲዝል ስልኩን ይዞላት የሚቀመጥ ሰው ነበር። አያት ተነስታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ደውላለት የማታውቀውን ሰው ደወለችለት።

የሚጣ አባት የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መጣ። እንደ ልማዱ ከበር ቆመ።

«ምን ሆና ነው እማማ? ሚጣ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ግባ ልጄ።»

«ግድ የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል…»

«ግባ አልኩህ እኮ። ስንት ዓመት በር ላይ አቆምኩህ፤ አሁን ደግሞ አንተ ልትኮራብኝ ነው?»

ገባ። ሚጣ እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችውና ምንም ሳታስረዳው ተረቱን ከፈተችው። ድምፁ ሲወጣ ሰውየው አንገቱን ደፋ። ውሻው አለፈ፣ በሩ አለፈ። ጉድጓዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ድምፁ ሲቋረጥ፣ አባትየው ማንም ሳይጠይቀው፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ቀጠለ።

«…‹አንቺ ድመት› አላት፤ ‹በጣም ሮጥሽ። እስቲ ቁጭ በይና ፀሐይዋ ዘወር እስክትል ጠብቂ› አላት። ድመቷ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ትንሽ ዘንበል ስትል ከእግሯ ሥር መጀመሪያ ጭራ ብቅ አለ፣ ከዚያ ጆሮ ብቅ አለ፣ ከዚያ ጥላዋ ተዘርግታ ወጣች። ድመቷ ተናደደች። ‹የት ሄደሽ ነው?› አለቻት። ጥላዋም ወገቧን እያሸች፣ ‹የትም አልሄድኩም፤ አንቺው ቆመሽብኝ ነው› አለቻት።»

ሚጣ በሳቅ ፈነዳች። «ወገቧን እያሸች!» አለች። «ድገመው አባዬ! ድገመው!»

አያት ግን አልሳቀችም። ተነስታ ፍላሿን አመጣችና በአማቿ መዳፍ ላይ አኖረቻት፤ መዳፉንም በራሷ እጅ ዘጋችለት።

«ያንተም ናት» አለችው። «ቤትህ ውሰዳት። ባለቤትህም ትስማት፣ ግድ የለም። እኔ ቆሜባት ነበር።»

እሱም «ያኔ ቢሰጡኝ ኖሮ» አላላትም። ቢላት መብቱ ነበር።

«አንተ ደግሞ» አለችው ፈጣኑን፣ «ምን ታየኛለህ? ስልክህን አውጣ። ሲደግመው ቅዳው። እንዳትቸኩል!»

አባትየው ደገመው፣ ፈጣኑ ቀዳው። የዚያኑ ዕለት፣ ሳይመሽ፣ አራቱም ተረቶች በአያት ቤት ዲስክ ላይ፣ በአባትየው ፍላሽና በፈጣኑ ስልክ ላይ ሆኑ። አንዱ ቤት ውኃ ቢገባ፣ አንዱ ዲስክ ቢታመም፣ ሌላው አለ።

እናንተም ወላጆች፣ አያቶች፣ ሁላችሁም፣ እባካችሁ ነገ አትበሉ። የሄዱባችሁ ሰዎች ድምፅና ፎቶ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ፣ የላችሁም ማለት ነው። አንዱን ቅጂ ሌላ ቤት አኑሩ። ለሚጠይቃችሁ ዘመድ አትንፈጉ፤ የሰጣችሁት ቅጂ ነው ነገ የሚተርፍላችሁ። ዲስኩን በየጊዜው እየከፈታችሁ እዩት፣ ስትጨርሱ መብራቱ ሳያርፍ አትንቀሉት፣ ቢጮኽ አትሰኩት፣ ላጽዳ ቢላችሁም እሺ አትበሉት። ከሁሉ በላይ ግን ስሙት። ለልጅ የተነገረ ነገር በልጅ ጆሮ ካልገባ፣ ቆልፈን ያኖርነው ለማን ነው?

ሚጣ አሁን በየማታው ተረቷን ትሰማለች። ድመቷ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ እናትየዋ ታቆማለች፣ አባትየው ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ግን አራቱም አልቀው እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ «አያቴ፣ የዝሆኑ ጫማ እንዴት ነበር የጠበበው?» ትላለች። አያትም ፀጉሯን ትዳብሳለች። ያንን ስትቀዳ አባትየው አጠገቧ አልነበረም፤ የሚቀጥልላት ብቻ ሳይሆን፣ የሚጀምርላትም የለም።